ጥሩንባው ከሞት በፊት ይነፋ

የዛሬው ጽሑፋችን ትንሽ ይቆጠቁጣል። ሻይ ቡናችሁን ያዙና ተቀመጡ።

እስቲ ከመናኸሪያ እንነሳ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ዝም ብሎ አይወጣም። ስምሪት አለው። የትኛው መኪና፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ የሚያውቅ ሰው አለ። የታክሲ ረዳት እንኳ «አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ የሚጮኸው ቆጥሮ ነው። እሺ፣ ትርፍ ይጭናል፤ ትርፉንም ቢሆን ግን ቆጥሮ ነው የሚጭነው። ሒሳብ ነዋ!

አሁን ወደ ባሕር እንውረድ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።) ኦገስት 3 ቀን 2025 በየመን፣ አብያን ከሚባለው ግዛት ጠረፍ አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጠመች። ተሳፋሪዎቿ በአብዛኛው የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። ስንት ነበሩ? አንዱ ዜና 154 አለ። ሌላው 157 አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ወደ 200 ይጠጋሉ» ተባለ። በ154 እና በ200 መካከል 46 ሰው አለ። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ማለት ነው። እነዚያ 46 ሰዎች ጀልባዋ ላይ ነበሩ ወይስ አልነበሩም? መዝግቦ የያዘ የለም። «ስደርስ እደውላለሁ» ብለው ከቤት የወጡ ልጆች የቁጥር ልዩነት ሆነው ቀሩ።

ጋዜጠኝነት ስንማር ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ያስጠኑን ስድስት ጥያቄዎች ነበሩ፦ ማን? ምን? የት? መቼ? ለምን? እንዴት? የጀልባ ዜና ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም ባዶ ነው። «ማን?» ሲባል «ስደተኞች» ይባላል። አለቀ።

እኛ ዛሬ የምንከራከረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው በባሕር ላይ የሚያልቀው ውኃው ስለበረታ ብቻ አይደለም፤ የሚያዳምጠው ስለሌለም ነው። ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ በየካፌው ስለ ወደብ ስንጨቃጨቅ ከርመናል። ወደብ ይኑረን አይኑረን፣ በምን መንገድ ይምጣ አይምጣ... ይሁን፣ እሱ የትልልቆቹ ጉዳይ ነው። ማዳመጥ ግን ወደብ አይጠይቅም። ጦር አይጠይቅም፣ ድርድር አይጠይቅም። ሰው ነው የሚጠይቀው። እሱን ደግሞ አላዋጣንም።

ጡረተኞቹና ሬድዮው

እንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ኮርንዋል የሚባል አካባቢ አለ። እዚያ፣ ባስ ፖይንት ከሚባል ገደል አናት ላይ የጠረፍ ጠባቂዎች መመልከቻ ቤት ነበር። ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1994፣ ከዚያው ከተዘጋው ቤት ሥር ሁለት ዓሣ አጥማጆች ሰጥመው ሞቱ። ቤቱ ክፍት ቢሆንና አንድ ሰው በመስኮት ቢያይ ኖሮ ምናልባት ይተርፉ ነበር።

የአካባቢው ሰው ምን አደረገ? ቤቱን መልሶ ከፍቶ ራሱ ተቀመጠበት። በዚያው ዓመት ናሽናል ኮስትዎች ኢንስቲትዩሽን የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ ከ50 በላይ ጣቢያዎች አሉት። የሚያሠሯቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ ሰዎች። የቀድሞ አስተማሪ፣ የቀድሞ ነርስ፣ የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ ተረኛ ሲሆን ቴርሞሱን ይዞ ይመጣል፤ መነጽሩን ያነሳል፤ ሬድዮውን ይከፍታል፤ የሚያልፈውን ጀልባ መዝገብ ላይ ይጽፋል። አንድ ነገር ካላማረው ለጠረፍ ጥበቃው ይደውላል። በቃ። ዘሎ ውኃ ውስጥ አይገባም፣ ፊልም አይሠራበትም። አብዛኛው ቀን ምንም የማይሰማበት ሥራ ነው።

የሚያዳምጡት ቻናል 16 የሚባለውን ነው። ድግግሞሹ 156.8 ሜጋኸርዝ ሲሆን በዓለም ዙሪያ የጭንቅ ጥሪ የሚሰማበት የባሕር ሬድዮ መስመር ነው። የተቸገረ «ሜይዴይ» ይላል፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ የጀልባውን ስም፣ ያለበትን ቦታ፣ የደረሰበትን ችግርና የሚፈልገውን እርዳታ ይናገራል። ቀጥሎ ምን ይላል መሰላችሁ? በጀልባዋ ላይ ያለውን የሰው ቁጥር! ስንት ነፍስ እንዳለ መናገር የጥሪው ሥርዓት አንድ ክፍል ነው። እኛ ዘንድ ከሞቱም በኋላ የማይታወቀው ቁጥር እዚያ ከመስጠማቸው በፊት ይነገራል።

አውስትራሊያ ደግሞ የባሰ ነው። (የባሰ ስንል የተሻለ ማለታችን ነው።) በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ2009 ሦስት የበጎ ፈቃደኛ ድርጅቶች ተዋህደው ማሪን ረስኪው ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚባል አንድ ድርጅት ሆኑ። የግዛቱን የባሕር ሬድዮ የሚያዳምጡት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ በሬድዮ ወይም በስልክ ይመዘገባል፦ እንዲህ ያለ ጀልባ ነኝ፣ ሦስት ሰው ነን፣ ወደዚህ ነው የምንሄደው፣ በዚህ ሰዓት እንመለሳለን። ሲመለስ «ገብቻለሁ» ይላል። ሰዓቱ አልፎ ካልደወለ እነሱ ይደውላሉ። ካላነሳ ፍለጋ ይጀመራል። ማለትም ሰውየው «ድረሱልኝ» ማለት ባይችል እንኳ ዝምታው ራሱ እንደ ጩኸት ይቆጠራል።

እስቲ ይህችን ነገር ደግመን እናስባት። እዚያ ዝምታ ሰው ያስነሳል። እኛ ዘንድ የልጁ ስልክ ከተዘጋ ሳምንት፣ ወር፣ ዓመት ይሆነዋል። እናት «ኔትወርክ ይሆናል» እያለች ትጠብቃለች። የሚደወልበት ቁጥር የላትም።

ከጠረፍ የራቀውስ? ቻናል 16 እንደ ዓይን ነው፤ ከአድማስ ማዶ ብዙም አይሻገርም። ለዚያ አጭር ሞገድ አለ። በ14.300 ሜጋኸርዝ ላይ ማሪታይም ሞባይል ሰርቪስ ኔትወርክ የሚባል የአሜሪካ አማተር ሬድዮኞች ስብስብ ከ1968 ጀምሮ በተራ እየተቀመጠ መርከበኛ ያዳምጣል። ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ውቅያኖስ መሐል ያለ ጀልባ ችግር ሰምቶ ለጠረፍ ጥበቃ ያስተላልፋል። ደመወዝ የለም። ፈቃድ ያለው ሬድዮ፣ አንቴናና ትዕግሥት ብቻ።

«ይሄ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» ልትሉን ነው። አይደለም። አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚባል መጠሪያ የታወቀ የአማተር ሬድዮ ክበብ ጣቢያ አለ። ተማሪዎች ከዚያ ሆነው ከጃፓንም ከብራዚልም ሰው ጋር ሲነጋገሩ ኖረዋል። ጥበቡ እዚሁ፣ ከአራት ኪሎ ማኪያቶ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው ያለው። የጎደለን መሣሪያ ብቻ ነው ብላችሁ አታጽናኑን።

የሰማና የተኛ

ታይታኒክን ያላየ አለ? ጃክ ሲሰጥም ያላለቀሰስ? ፊልሙ በደንብ ያልነገረን ነገር አለ። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ በቅርብ ቆማ ነበር። አንድ የሬድዮ ሠራተኛ ብቻ ነበራት። እሱም ሥራውን ጨርሶ ተኝቷል። ካርፓቲያ የምትባለው ደግሞ ራቅ ብላ ነበር፤ የእሷም ሠራተኛ ሊተኛ እየተዘጋጀ ሳለ ማዳመጫውን ከጆሮው ስላላወለቀ ሰማ። ካርፓቲያ ደርሳ ከ700 በላይ ሰው አወጣች። ከ1,500 በላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ፣ በ1914፣ አገሮች ተሰብስበው መርከቦች ላይ ሌሊትም ቀንም የሚያዳምጥ ሰው ይኑር የሚል ስምምነት አወጡ። የዛሬው የባሕር ደህንነት ሕግ ሥሩ እዚያ ነው። የዚያ ሌሊት የሞትና የሕይወት ልዩነት አንድ ያልወለቀ ማዳመጫ ነበር።

«ታዲያ መስማት ብቻ ያድናል ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንሸሸውም። ከራሳችን ታሪክ እንመልስ።

ማርች 2011። ሊቢያ በጦርነት እየነደደች ነው። 72 ሰዎች በአንዲት የጎማ ጀልባ ከትሪፖሊ ተነሱ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነዳጅ አለቀባቸው። በሳተላይት ስልክ ሮም ላሉት ኤርትራዊ ቄስ ለአባ ሙሴ ዘርአይ ደወሉ። አባ ሙሴ የማንም አገር ጠረፍ ጠባቂ አልነበሩም፤ ስልካቸው በስደተኛው ኪስ ሁሉ የሚዞር አንድ ካህን ነበሩ። ወዲያው ለጣሊያን የባሕር ነፍስ አድን ማዕከል ነገሩ። ማዕከሉ ቦታውን አወቀ፤ በአካባቢው ላሉ መርከቦች ሁሉ የጭንቅ ጥሪ አስተላለፈ። ኔቶም እንዲያውቅ ተደረገ። ያኔ አካባቢው በጦር መርከብ የተሞላ ነበር።

ከዚያስ? አንድ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር መጥቶ ውኃና ብስኩት ጥሎላቸው ሄደ። ሌላ ቀን ደግሞ ትልቅ የጦር መርከብ ቀረብ ብሎ አይቷቸው አለፈ። ጀልባዋ 14 ቀን ያህል ስትንሳፈፍ ቆይታ ተመልሳ ሊቢያ ጠረፍ ላይ ተጣለች። ከ72ቱ የተረፉት 9 ብቻ ነበሩ። 63 ሰው በረሃብ፣ በጥምና በማዕበል አለቀ። በ2012 የአውሮፓ ምክር ቤት ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ኃላፊነቱን ሁሉም እርስ በርሱ እንደተገፋፋ የሚያሳይ ሪፖርት አወጣ።

አያችሁ? ተሰምተው ነበር። የሰሙት ግን አልተንቀሳቀሱም። ታዲያ ማዳመጥ ዋጋ የለውም ማለት ነው? እኛ ተቃራኒውን ነው የምንለው። የአባ ሙሴ ስልክ ባይኖር ኖሮ ስለዚያች ጀልባ ሪፖርትም ክስም አይኖርም ነበር። 63ቱ እንደ 46ቱ «ነበሩ ወይስ አልነበሩም» በሆኑ ነበር። ደግሞም የጎደለው ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ሃምሳኛው የስልክ ጥሪ ነው። አንድ ቄስ ብቻውን ስንት ጊዜ ይጨቀጭቅ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ይህንን የተረዱ ሰዎች በኦክቶበር 2014 አላርም ፎን የሚባል መስመር ከፈቱ። በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ከተሞች ያሉ በጎ ፈቃደኞች በፈረቃ 24 ሰዓት ስልክ ያነሳሉ። ጀልባ የላቸውም፣ ሄሊኮፕተር የላቸውም። ከተጨነቀው ሰው የጂፒኤሱን ቁጥር ይቀበላሉ። የሳተላይት ስልኩ ሒሳብ ሲያልቅ ካርድ ይሞሉለታል። ለጠረፍ ጥበቃው ይደውላሉ። ካልተንቀሳቀሰ እንደገና ይደውላሉ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ለዓለም ሁሉ ይናገራሉ፤ ሰዓቱንም ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ባለሥልጣን «አልሰማንም» ማለት አይችልም። በጎ ፈቃደኛ አዳማጭ ሥራው ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ጥሪውን ማድረስ፣ ቀጥሎ ምስክር መሆን።

በእኛ በኩል ያለው ባሕር

ይህ መስመር ግን የሚያዳምጠው በዋናነት ሜዲትራኒያንን ነው። በእኛ በኩል ያለው ውኃ ሌላ ነው። ከኦቦክና ከቦሳሶ ወደ የመን የሚሻገረው መንገድ በዓለም ላይ ብዙ ሰው ከሚያልፍባቸው የስደት መስመሮች አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንዳለው በ2024 ብቻ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በኩል የመን ገብቷል፤ በዚያው ዓመት በመንገዱ ላይ ቢያንስ 558 ሰው ሞቷል። «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ማንም ስላልቆጠረ ነው «ቢያንስ» የምንለው።

በጁን 2024 ከቦሳሶ የተነሳች፣ 260 ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን የጫነች ጀልባ በየመን ጠረፍ ሰጠመች። ወዲያው የተነገረው 49 ሞት፣ 140 የጠፋ ነው። በፍለጋው ከተረባረቡት መካከል የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ የራሱ ጦርነት ያደቀቀው ሕዝብ የእኛን ልጆች ከውኃ ሲያወጣ ዋለ። በኦክቶበር 2024 ደግሞ 310 ሰው ጭነው ከየመን ወደ ጅቡቲ የተነሱ ሁለት ጀልባዎች ላይ አሻጋሪዎቹ ሰዉን መሐል ባሕር ላይ አስወረዱት። ቢያንስ 45 ሞተ። እነዚህ ሲመለሱ ነበሩ። ወደ ቤታቸው!

እነዚያ ጀልባዎች ላይ ቻናል 16 የሚይዝ ሬድዮ የለም። ሜይዴይ የሚል የለም። ኪስ ውስጥ ያለው ስልክም ከጠረፉ ራቅ ሲል ይሞታል። ስለዚህ እዚያ የሚያስፈልገው ጆሮ ገደል ላይ መነጽር ይዞ ከሚቀመጠው የእንግሊዝ ጡረተኛ ይለያል። ጀልባዋ ከመነሳቷ በፊት የሚጀምር ጆሮ ነው። የወጣውን የሚመዘግብ፣ ዝምታውን የሚቆጥር፣ ሰዓቱ ሲያልፍ የሚደውል።

«ግን እኮ...»

«ግን እኮ ይሄ ደላላን ማበረታታት ነው። የሚያድናቸው ካለ ብዙ ሰው ይሄዳል።» እሳት አደጋ ስላለ ቤቱን የሚያቃጥል ሰው አይታችኋል? በምሥራቁ መንገድ የሚያዳምጥ በጠፋበት ዓመት እኮ ነው 60,000 ሰው የተሻገረው። ልጁን ያስወጣው የነፍስ አድን ተስፋ አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

«ግን እኮ የመንግሥት ሥራ ነው።» ልክ ነው፣ የመንግሥት ሥራ ነው። ኮርንዋልም የመንግሥት ሥራ ነበር። ዘጋው። ሁለት ሰው ሞተ። ከዚያ ሕዝቡ ገባበት። መንግሥትን መውቀስና ራስ መሥራት አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እንዲያውም መዝገብ የያዘ ሰው ሲወቅስ ይደመጣል።

«ግን እኮ ባሕር የለንም።» ይቺ ናት የምታናድደን። ባሕር የለንም እያልን በባሕር የምናልቅ ሕዝብ ነን! የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዘው የሚሄዱ መርከቦች እኮ አሉን፤ መኮንኖቻቸው ቻናል 16ን የማዳመጥ ግዴታ አለባቸው። ባሕር ዳር ላይ የሠለጠኑ ልጆቻችን በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ጣናና ዓባያ ላይ በየቀኑ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ አለ። እሱስ ሲነሳ ስንት ሰው እንደጫነ የሚጽፍለት አለው? ከባሕሩ በፊት ከሐይቁ መጀመር ይቻል ነበር።

ዕድሩ

እውነቱን እንነጋገር። በጎ ፈቃደኛ ሆኖ መልእክት ማስተላለፍን ፈረንጅ ሊያስተምረን አይገባም ነበር። በየሰፈራችን ዕድር አለ። የዕድር መዝገብ አለ፤ ማን አባል እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። ጥሩንባ ነፊ አለ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ጥሩንባው ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ይነሳል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል። ይህን የመሰለ የመገናኛ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ስንት ነው?

ግን የእኛ ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጀልባ ሲሰጥም ፌስቡክ ላይ ሻማ እንለጥፋለን፤ «ነፍስ ይማር» እንጽፋለን፤ በሦስተኛው ቀን እንረሳለን። እኛም፣ ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈው፣ ያው ነን። ኦገስት 2025 ላይ ሻማ ከለጠፉት መካከል ነበርን። ሻማው ማንንም አላዳነም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ ውጭ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ሮም፣ በርሊን፣ ለንደን፦ የሚያዳምጡ መስመሮች የእናንተን ቋንቋ ይፈልጋሉ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ። በጭንቅ ሰዓት ሰው የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው። በሳምንት አንድ ፈረቃ ስጡ። ሁለተኛ፣ አገር ቤት ያላችሁ፣ የሬድዮም የሶፍትዌርም ልጆች፦ ቤተሰብ ልጁ የወጣበትን ቀን፣ ስሙንና ያለፈበትን ከተማ የሚያስመዘግብበት፣ ስልኩ ሲዘጋ የሚደውልበት አንድ ቁጥር በምሥራቁ መንገድ እንዲኖር ሥሩ። ፖሊስ እንዲይዘው ሳይሆን ሰው እንዲፈልገው። ቤተሰብ እንዲያምነው ደግሞ ያቺ መዝገብ ከዕድሩ ሊቀመንበር እጅ እንዳለችው መዝገብ የተጠበቀች መሆን አለባት። ሦስተኛ፣ የዜና ሰዎች፣ እኛም ጭምር፦ «ማን?» የምትለዋን ጥያቄ አንዝለላት። ቁጥሩ ሲለዋወጥ «ለምን ተለዋወጠ?» ብለን እንጠይቅ።

ትልቅ ነገር አልጠየቅንም። ባስ ፖይንት ላይ የተቀመጡት ሰዎችም ትልቅ ነገር አልሠሩም። የተዘጋ ቤት ከፈቱ፣ ወንበር አስገቡ፣ ተራ ገቡ። ተራ መግባትን የሚያውቅ ሕዝብ ነን፤ ለታክሲም፣ ለዘይትም፣ ለነዳጅም ተሰልፈናል። አንድ ጊዜ ለማዳመጥ እንሰለፍ።

ጥሩንባው እጃችን ላይ ነው። ከሞት በፊት እንንፋው።

ቸር እንሰንብት!